ጥብቅና አማና ነው

(ለህግ ተመራቂ ሙስሊም ተማሪዎች በተዘጋጀ የሽኝት ፕሮግራም ላይ አንድ የመድረሳ ኡስታዝ ያደረጉት ንግግር)

 



አዘጋጆቹ ስለ ህግ ባለሙያ ኃላፊነት እንድናገር ሲጠይቁኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ ልጆች ቁርኣን የማቀራ ሰው ነኝ። ዓለማዊ ትምህርቴ አስራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። እናንተ አምስት ዓመት ሙሉ ስታጠኑት የኖራችሁትን እኔ ምን ልጨምርላችሁ? በኋላ ግን በዚህ ጉዳይ ላይ ዕዳ እንዳለብኝ ትዝ አለኝ። የመጣሁት ዕዳዬን ልናገር ነው።

ከዛሬ ስምንት ዓመት በፊት ከሰዓት በኋላ እየመጣ የሚቀራ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ምላሱ የተባ፣ ነገር የሚገባው ልጅ ነው። ፊቅህ ስናስተምር "ኡስታዝ፣ እንዲህ ቢሆንስ?" እያለ መውጫ ያሳጣን ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ህግ ልማር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ሳላስብ፣ ጠበቃ ማለት ሐሰትን እውነት የሚያስመስል ሰው ነው፣ ሐላል እንጀራ አይሆንልህም፣ ተወው አልኩት። እሱም ሰማኝ። አካውንቲንግ ተማረ፤ ዛሬ በአንድ ድርጅት ውስጥ ሂሳብ ይሰራል። አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ሰው ነው። እኔ ግን ያን ቀን የተናገርኩት ሳላውቅ ነበር።

ያለማወቄን ያወቅኩት ባለፈው ዓመት ነው። አንድ ጁሙዓ ማታ የጎረቤቴ እናት በሬን አንኳኩ። ልጃቸው ከሰላት ሲመለስ ተይዟል። በማግስቱ አራት ሽማግሌዎች ይዤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። በሩ ላይ ያለው ፖሊስ "አንተ ምኑ ነህ?" አለኝ። ጎረቤቱ ነኝ፣ አስተማሪው ነኝ አልኩ። "ጠበቃው ነህ?" አለኝ። አይደለሁም። "እንግዲያው ሂድ።" በቃ፣ ሄድን። እናቱ በየቀኑ ምግብ ያመላልሳሉ፤ ሳህኑ ባዶ ሲመለስ ልጄ በህይወት አለ ብለው ያመሰግናሉ። እኛም ሰብር አድርጉ እያልን እናጽናናለን። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ ከሚፈጀው የጉዞ ጊዜ በስተቀር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት ከመካከላችን አንድም የሚያውቅ አልነበረም። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 19 ላይ ተጽፎ፣ ከ1987 ጀምሮ በየመጽሐፍ መሸጫው እየተሸጠ፣ እኛ ግን ቀን የምንቆጥረው በሰብር ነበር።

በአስረኛው ቀን በሰው በሰው አንድ አዛውንት ጠበቃ አገኘን። ሙስሊም አይደሉም። ቢሯቸው ጠባብ ናት፤ ሻይ አዘዙልንና ሦስት ነገር ብቻ ጠየቁ። መቼ ተያዘ? ዳኛ ፊት ቀርቧል ወይ? የፈረመው ወረቀት አለ ወይ? ለአንዱም መልስ አልነበረንም። በኋላ እንደሰማነው ልጁ በአራተኛው ቀን ያላነበበውን ወረቀት ፈርሟል። ዝም የማለት መብት እንዳለው፣ በማስገደድ የተገኘ ቃል ማስረጃ እንደማይሆን የነገረው የለም። ያ ተማሪዬ ህግ ተምሮ ቢሆን ኖሮ በሁለተኛው ቀን በር ላይ ይቆም ነበር እላለሁ፤ ቀደር ነው፣ አላህ ያውቃል። ግን ምክሬ የኔ ነው።

እንግዲህ ጥብቅና በዲናችን ምን ቦታ አለው የሚለውን ከዚያ በኋላ ነው ኪታቦቼን ገልጬ ያየሁት። ቀድሞም የምናስተምረው ነገር ሆኖ ነው የሚያሳፍረው። ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ አላህን ምን ጠየቁ? ወንድማቸውን ሃሩንን። ለምን? ከሳቸው ይልቅ አንደበተ ርቱዕ ስለሆነ፣ አብሯቸው ሆኖ እንዲያረጋግጥላቸው። ነቢይ ናቸው፣ ሐቅ በእጃቸው ነው፣ ተዓምር ተሰጥቷቸዋል፤ ቢሆንም በጨቋኝ ንጉስ ፊት ነገሩን አጥርቶ የሚናገር ሰው አስፈልጓቸዋል። እኛ ማን ሆነን ነው ሐቅ ስላለን ብቻ ተናጋሪ አያስፈልገንም የምንለው?

በፊቅህ ኪታቦች ውስጥ ደግሞ የወካላ ባብ አለ። በክርክር ላይ ሰውን መወከል ተፈቅዷል። ዐሊይ ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ክርክር ሸይጣን የሚገኝበት ቦታ ነው ብለው ራሳቸው ችሎት መቆምን ይጠሉ ስለነበር፣ መጀመሪያ ወንድማቸውን ዐቂልን፣ እሱ ሲያረጅ ዐብደላህ ኢብን ጀዕፈርን እንደወከሉ ተዘግቧል። ኢማም አቡ ሐኒፋ የባላጋራውን ፈቃድ ጉዳይ አንስተው፣ ሰውየው ካልታመመ ወይም መንገደኛ ካልሆነ ያለባላጋራው ስምምነት ውክልናው አያስገድድም ብለዋል። ሁለቱ ተማሪዎቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ግን ከብዙሃኑ ዑለማ ጋር ሆነው ፈቃድ አያስፈልግም ብለዋል። የተከራከሩት በዝርዝሩ ላይ ነው፤ የመወከሉን መሰረት የነካ የለም። እኔ ለዚያ ልጅ የነገርኩት የመንደር ወሬ ነበር።

ሆኖም ወሬው ከምንም አልተነሳም። ሱረቱ ኒሳእ ላይ ከ105ኛው አንቀጽ ጀምሮ ያለውን ታሪክ ታውቁታላችሁ። ሙፈሲሮች እንደሚዘግቡት በመዲና አንድ ሰው ጥሩር ሰረቀ። ነገሩ ሊገለጥበት ሲል እቃው ከአንድ አይሁዳዊ ዘንድ እንዲገኝ አደረገ። ጎሳዎቹ ተሰብስበው ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጡ፤ የኛ ሰው ሙስሊም ነው፣ ተከራከሩለት አሉ። ወህይ የወረደው ግን ለከዳተኞች ተከራካሪ መሆንን ሊከለክልና ያን አይሁዳዊ ነጻ ሊያወጣ ነው። እስቲ አስቡት፤ መዲና በጠላት ተከባ፣ ጀመዓው አንድነቱን በሚፈልግበት ሰዓት፣ የራስን ወገን የሚያሳፍር አንቀጽ ወረደ፤ እስከ ቂያማም ይቀራል። ጠበቃ ሆናችሁ "የኛ ልጅ ነው" ተብሎ ሐሰተኛ ምስክር እንድታደራጁ የሚጠይቃችሁ ወንድም ቢመጣ ይህንን አስታውሱት። ለተከሳሽ መቆም ሌላ ነው፣ ለውሸት መቆም ሌላ ነው። ጥፋተኛም ቢሆን ሳይደበደብ፣ ክሱን በሚገባው ቋንቋ አውቆ፣ ማስረጃውን አይቶ፣ በግልጽ ችሎት የመዳኘት መብት አለው። አንቀጽ 20 ይህንን ለጥሩ ሰው ብቻ አልሰጠም።

ከሌላ አገር አንድ ነገር ላንሳ፤ ፓኪስታንን። እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ፕሬዚዳንቱም የጦሩ አዛዥም የነበሩት ጄኔራል ሙሸረፍ ዋና ዳኛውን ኢፍቲካር ሙሐመድ ቾውድሪን ራዋልፒንዲ ጠርተው ስልጣን ልቀቅ አሏቸው። አልለቅም አሉ፤ ታገዱ። በማግስቱ የወጣው ጦር አይደለም፣ ፓርቲም አይደለም፤ ጥቁር ኮት የለበሱ ጠበቆች ናቸው። ችሎት አንገባም አሉ። ጠበቃ ችሎት ካልገባ አይበላም፤ ይህንን አስቡት። በአራት ወር ውስጥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛውን መለሰ። በኖቬምበር ሙሸረፍ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አውጀው ህገ መንግስቱን አገዱ፤ አዲስ መሃላ አንፈጽምም ያሉ ዳኞችን አሰናበቱ፣ ጠበቆችን በብዛት አሰሩ። ትግሉ አልቆመም። ጄኔራሉ በ2008 ስልጣን ለቀቁ፣ ዳኞቹ በማርች 2009 ወደ ወንበራቸው ተመለሱ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በጥቁር ኮትና በወረቀት።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ግን በ2011 መጀመሪያ የፑንጃብ አገረ ገዥ በገዛ ጠባቂያቸው ተገደሉ። ገዳዩ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ጠበቆች ነበሩ የጽጌረዳ አበባ የበተኑበት። ያው ጥቁር ኮት ነው። ገዳይን ጠበቃ አቁሞ መከራከር የሙያው ግዴታ ነው፤ አበባ መበተን ግን ከግዴታው ውጪ ነው። ከዚህ የምወስደው ፍርሃት ነው። ህዝብ ሲያጨበጭብልህ ከየትኛው ጋር እንዳለህ ማወቅ ይከብዳል።

ወደ ራሳችን ልምጣ። ኮሚቴዎቻችን ሐምሌ 2004 ከተያዙ ጀምሮ ብዙ አይተናል። በማዕከላዊ ለሳምንታት ጠበቃ ሳያገኙ ተመረመሩ። በመደበኛው ስርዓት አንድ የጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይበልጥም፤ በ2012 በተሻረው የፀረ ሽብር አዋጅ 652/2001 ግን 28 ቀን እየተደመረ እስከ አራት ወር ይሄድ ነበር። ጥር 2005 ላይ ችሎቱ ለቤተሰብ ሳይቀር ዝግ ሆነ። ጠበቆቻቸው "ጂሃዳዊ ሐረካት" የተባለው ፊልም እንዳይተላለፍ የፍርድ ቤት እግድ አወጡ፤ ፊልሙ በዚያው ቀን ማታ ተላለፈ። አንዳንዱ ወንድም ያኔ "ታዲያ ጠበቃ ምን ይሰራል?" ብሎ ነበር። እኔ እንደዚያ አላይም። እግዱ ባይወጣ ኖሮ ዛሬ የምንናገረው ስለ አንድ መጥፎ ፊልም ብቻ ነበር። አሁን ግን በመዝገብ ላይ ያለው የፍርድ ቤት ትዕዛዝ መጣሱ ነው። የተጻፈ ነገር ይቆያል። አንድ ቀን ይህንን ዘመን የሚመረምር ሰው መፈክራችንን ላያገኘው ይችላል፤ መዝገቡን ግን ያገኘዋል።

ለኛ ለጀመዓውም አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ወላጆችም እዚህ አላችሁና። ጠበቃን የትግሉ ቃል አቀባይ አናድርገው። ጠበቃ ከችሎት ሲወጣ "ምን አሉ? ምን ትለናለህ?" እያልን እንከበዋለን፤ የደንበኛውን ሚስጥር መጠበቅ ግዴታው ነው፣ ዝም ሲለን ፈራ እንለዋለን። ችሎት ውስጥም የኛ ጩኸት አንድም ተከሳሽ አስፈትቶ አያውቅም። ሁለተኛው የገንዘብ ነገር ነው። ለጠበቃ "ጀዛከላህ ኸይር" ብለን እጁን ስመን እንሸኘዋለን። ዱዓው መልካም ነው፤ የቢሮ ኪራይ ግን አይከፍልም። ለመስጊድ ምንጣፍ በአንድ ጁሙዓ እናዋጣለን፤ ለእስረኛ ጠበቃ ስናዋጣ ኪሳችን ይጠባል። ይሄ ያሳዝነኛል።

ለእናንተ ለተመራቂዎቹ። በ1992 የወጣው የጠበቆች የስነ ምግባር ደንብ እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝ ነበር። ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። 50 ሰዓት ስንት ነው? በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ከጁሙዓ ኹጥባ ጋር ሊመጣጠን ምንም አይቀረው። ልዩ የጥብቅና ፈቃድ የሚባልም አለ፤ ለህዝብ ጥቅም ያለ ክፍያ ለሚቆም። ሁላችሁም ያንን አውጡ አልልም፣ ቤተሰብ አላችሁ። አቃቤ ህግ የምትሆኑም ትኖራላችሁ፤ ለምን ገባህ ብዬ አልወቅስም። ማስረጃ የሌለውን ክስ አልፈርምም የሚል አንድ አቃቤ ህግ ከአስር ጠበቃ የበለጠ ሰው ከእስር ያድናል። እህቶቼ ደግሞ በሸሪዓ ፍርድ ቤት በር ላይ ልጅ አዝለው የሚቆሙትን ሴቶች እዩልኝ። ህገ መንግስቱ ያ ችሎት በሁለቱም ወገን ፈቃድ ብቻ እንዲዳኝ ይላል፤ ፈቃድ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገራቸው የሚፈርሙ አሉ። የኛው ቤት ስለሆነ ዝም አንበል።

የጥብቅና ፈቃድ እስክታወጡ የስራ ልምድና ፈተና ይጠበቅባችኋል። እስከዚያ የምትሰሩትን ነገር እነዚያ አዛውንት ጠበቃ ነግረውኛል፤ ስማቸውን እንዳልጠራ ስላስጠነቀቁኝ አልጠራም። የሚያስፈልጋቸው ሦስት ጥያቄዎችን የሚጠይቅ ሰው ነው፤ በየሰፈሩ አንድ። ሰው በተያዘ ማግስት ሄዶ ቀኑንና ሰዓቱን የሚጽፍ፣ 48 ሰዓት ሲያልፍ የሚደውል። አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ለማዘጋጀት መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይሄው ነው አሉኝ፤ ቀንና ሰዓት። ያንን ለመጻፍ ፈቃድ አያስፈልግም።

የጎረቤቴ ልጅ ጉዳይ ለመጪው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተቀጥሯል። ችሎቱ ክፍት ነው። እናቱ እዚያ ከኋላ ተቀምጠዋል፤ ዳኛው የሚናገረው አይገባቸውም፣ እኔም ግማሹ አይገባኝም። ያ አካውንታንት ተማሪዬም ፈቃድ ጠይቆ ይመጣል። ከእናንተ ሁለት ሰው ማስታወሻ ደብተር ይዞ ቢመጣ ጠበቃው ደስ ይላቸዋል። የምትችሉ ከዙህር በኋላ በሩ ላይ አገኛችኋለሁ።