ሥርዐተ ነርቭና የጓያ ጉዳት
(በቢሾፍቱ በተደረገ የሙያ ማኅበር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



በቢሾፍቱ ዙሪያ፣ በአድዓ ሜዳ፣ ክረምቱ ካለፈ በኋላም ዋልካው መሬት ርጥበቱን ይዞ ይቆያል። ገበሬውም በዚህ ርጥበት ላይ ሽንብራ፣ ምስርና ጓያ ይዘራል። ከእነዚህ መካከል ጓያ ውኃ ሲተኛበት የሚታገሥ፣ ዝናብ ሲቀርም የሚጸና ሰብል ነው። ሌላው አዝመራ በጠፋበት ዓመት እርሱ ይገኛል። ይሁን እንጂ ይኸው በክፉ ቀን ነፍስ የሚያድን እህል ለወራት ዋና ምግብ በሚሆንበት ጊዜ ጤነኛ የነበረውን ሰው እግር ይይዛል። ሕዝቡም ነገሩን ከጥንት ስላወቀው «ጓያ ሰበረው» ይላል። የዚህ ንግግር ዓላማ የሥርዐተ ነርቭን አሠራር ባጭሩ ገልጦ፣ ጓያ የሚሰብረው አጥንት ወይም ጡንቻ ሳይሆን ምን እንደ ሆነ ማሳየት፣ ከዚያም በሙያተኛው ላይ የሚወድቀውን ኀላፊነት ማመልከት ነው።

እንደሚታወቀው ሥርዐተ ነርቭ በሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባል። ማእከላዊው ክፍል አንጎልንና ኅብለ ሰረሰርን ይይዛል። ሁለተኛው ክፍል ከአንጎል የሚወጡትን 12 ጥንድና ከኅብለ ሰረሰር የሚወጡትን 31 ጥንድ ነርቮች ያጠቃልላል። የአዋቂ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ሲሆን፣ በውስጡ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት ይገኛሉ። ታላቁ አንጎል ያስባል፣ ያስታውሳል፣ በፈቃድ የሚደረገውንም እንቅስቃሴ ያዝዛል። ንኡስ አንጎል የሰውነትን ሚዛን ይጠብቃል፤ ግንደ አንጎል ደግሞ ሰው ሳያስበው የሚካሄዱትን ትንፋሽንና የልብ ትርታን ይቈጣጠራል። ኅብለ ሰረሰር ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ስሜትን ወደ ላይ፣ ትእዛዝን ወደ ታች ያስተላልፋል።

አንድ ገበሬ ማረሻውን ይዞ ለመራመድ ሲያስብ ትእዛዙ በሁለት ሕዋሳት ቅብብሎሽ ይሄዳል። የላይኛው አዛዥ ሕዋስ በታላቁ አንጎል ሽፋን ላይ ተቀምጦ ክሩን ወደ ታች ይልካል። አብዛኞቹ ክሮች በግንደ አንጎል የታችኛው ጫፍ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገራሉ። እግርን የሚያዝዘው ክር እስከ ወገብ ድረስ ስለሚወርድ ርዝመቱ ከግማሽ ሜትር ይበልጣል። በዚያም የታችኛው አዛዥ ሕዋስ ትእዛዙን ተቀብሎ ወደ ጡንቻው ያደርሰዋል። የላይኛው ሕዋስ ሥራ ግን ማዘዝ ብቻ አይደለም፤ የታችኛውን ልክ እንዳያልፍ ይገታዋል። ከዚህም የተነሣ የሁለቱ ጉዳት የተለያየ ነው። በፖሊዮ እንደሚሆነው የታችኛው ሲሞት እግሩ ይዝላል፣ ይከሳል። የላይኛው ሲሞት ደግሞ እግሩ ይገተራል፤ ጉልበት በመዶሻ ሲመታም ከመጠን በላይ ይፈናጠራል።

የጓያ ጉዳት የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ከጓያ ፍሬ ውስጥ ኦዳፕ በሚል ምሕፃረ ቃል የሚታወቅ አሚኖ አሲድ ተለይቶ ታወቀ። ይህ ንጥረ ነገር የነርቭ ሕዋሳት መልእክት ከሚለዋወጡበት ከግሉታሜት ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ ሕዋሱ እውነተኛ መልእክት የደረሰው መስሎት ያለማቋረጥ ይነሣሣል፤ ሲደክምም ይሞታል። ይበልጥ የሚጎዱት ወደ እግር የሚወርዱት ረጃጅም ክሮች ናቸው። ሕመምተኛው ጉልበቶቹ እየተጋጩ፣ በእግሩ ጣቶች እየረገጠ ይሄዳል። አንዱ ያለ ምርኩዝ፣ ሌላው በአንድ፣ ሌላው በሁለት ምርኩዝ ይንቀሳቀሳል፤ እጅግ የጸናበት ይድሃል። አእምሮው ግን አይነካም፤ እግሩም ሲዳሰስ ያውቃል። በብዛት የሚያጠቃቸውም ለሥራ የደረሱ ወጣት ወንዶች ናቸው። መመገቡን ሲያቆሙ ሕመሙ እንደ ደንቡ ባይብስም፣ የሞተውን ሕዋስ የሚተካ መድኃኒት የለም።

በሀገራችን ሐኪሞች ስለ አንድ የጓያ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1978 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ጽፈዋል። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸውም በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠር ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990 አሳትመዋል። በዚያው ዐሥርት ዓመታት ደግሞ በወሎ በደላንታ ዳውንት ሌላ ወረርሽኝ ተነሣ። ከዚያ የተገኘው ትምህርት በተለይ ልብ ሊባል ይገባል፤ ጓያን በእሸትነቱ፣ በቆሎና በንፍሮ መልክ መብላት ለጉዳት ይበልጥ ያጋልጣል። ከጤፍና ከመሳሰሉት እህሎች ጋር ቀላቅሎ ወይም ቅመም በገባበት ወጥ አድርጎ መመገብ ግን አደጋውን ይቀንሳል። ምክንያቱም ጓያ በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም፣ ሜቲዮኒንና ሲስቴን የተባሉት ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ያንሱታል፤ እህሉ ይህን ጉድለት ይሞላል። ኦዳፕ በውኃ የሚሟሟ ስለ ሆነ ፍሬውን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። በአንጻሩ እንፋሎቱ ወይም ገለባው ሰውን ይሰብራል የሚለው እምነት ሕዝቡን ከእውነተኛው ምክንያት የሚያርቅ በመሆኑ በትዕግሥት ሊታረም ይገባል።

በቢሾፍቱ የሚገኘው የደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማእከል በጥራጥሬ ምርምር ስሙ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ዋሴ የተባለው የኦዳፕ መጠኑ ዝቅተኛ የሆነ የጓያ ዝርያ ለሀገሪቱ ገበሬዎች ተለቋል። ሆኖም ዘሩ ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ንቦች ከጎረቤት ማሳ የአበባ ዱቄት ስለሚያመጡ ዝርያው ከነባሩ ጋር ሊዳቀል ይችላል፤ ስለዚህ ንጹሕ ዘር በየጊዜው መታደስ አለበት። ከዚህም በላይ ድርቅ በፍሬው ውስጥ ያለውን መርዝ ያበዛዋል። ይህም ማለት ሰው ጓያን ከሁሉ አብልጦ በሚበላበት ዓመት ጓያው ራሱ ከሁሉ አብልጦ ይመርዛል ማለት ነው።

ገበሬውን «ጓያ አትብላ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። ነገር ግን ጎተራው ባዶ የሆነ ሰው ይህን ምክር ሊፈጽም አይችልም፤ የሚበላው አደጋውን ባለማወቅ ብቻ ሳይሆን ሌላ ስለ ሌለው ነውና። ስለዚህ ዝናብ በቀረበት ወረዳ የሚሠራ የጤና ባለሙያ፣ ምርኩዝ የያዘ ሕመምተኛ እስኪመጣ ሳይጠብቅ፣ በገበያው ከጓያ በቀር ምን እህል እንደ ቀረ መጠየቅ፣ ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ፣ የሚቀላቀል እህልም ረኀቡ ሳይጠና እንዲደርስ መወትወት ይጠበቅበታል። የግብርና ባለሙያውም ስለ ዘር ሲያስተምር ስለ ነርቭ ጭምር መናገር አለበት። የሞተው ሕዋስ ስለማይመለስ፣ የዚህ በሽታ ሕክምና የሚጀመረው ከማሳው፣ ከጎተራውና ከምድጃው ዘንድ ነው።