ስላይዱ አይናገርልንም

ቅዳሜ ማታ ያወራሁትን «በጽሑፍ አስቀምጥልን» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁና ይኸው።

ተመርቄ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ሥራ የለኝም። ባለፈው ክረምት አንድ መሥሪያ ቤት ለፈተና ጠራኝ። የጽሑፉን አለፍኩ፤ ሦስት ሰው ብቻ ቀረን። «አንድ የሥራ ዕቅድ በአሥር ደቂቃ በስላይድ አቅርቡ» ተባልን። እኔ ሆዬ 26 ስላይድ ይዤ ገባሁ! ያውም እያንዳንዱ ከላይ እስከ ታች በጽሑፍ የተሞላ። ፍላሹን ሰካሁ፣ ፋይሉ ተከፈተ፣ አማርኛዬ የለም። በቦታው የተዘበራረቀ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ተደርድሯል። ከፈታኞቹ አንዷ በትሕትና «ግድ የለም፣ ያለ ስላይዱ ንገረን» አሉኝ። መናገር አቃተኝ። ንግግሬን በሙሉ ያስቀመጥኩት ስላይዱ ላይ ነበራ።

ሥራው ለሌላ ልጅ ተሰጠ። ይገባዋል።

የፊደሉን ነገር ላስረዳ፣ ብዙዎቻችሁ ላይ ይደርሳልና። በድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች የተተየበን ጽሑፍ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው እንደ እንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ የአማርኛ መልክ የሚያለብሰው ፎንቱ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ልብሱ ይወልቃል። በዩኒኮድ ግን እያንዳንዱ ፊደላችን የራሱ ቁጥር አለው። ስለዚህ በዩኒኮድ ተይቡ፣ ከዚያ ፋይሉን በፒዲኤፍም አስቀምጡ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል። መብራት የሚጠፋበት አገር ስለሆነም አንድ ገጽ ወረቀት ኪሳችሁ ይኑር።

ከፊደላችን ሳልወጣ፦ «ሉ» እና «ሊ»ን የሚለያቸው የአንዲት ትንሽ ቅጥያ ቦታ ነው፤ አንዱ መሀል፣ አንዱ እግር ላይ። መጠኑን አሳንሳችሁ ስትጠቀጥቁት የኋላ ወንበር ላይ ያለው ሰው አይለያቸውም። ቦልድ ስታደርጉት ደግሞ የ«መ» እና የ«ወ» ቀዳዳ ይደፈናል። እኔ አሁን ከ28 በታች አልጽፍም። በ28 ካልበቃኝ የበዛው ጽሑፉ ነው ማለት ነው።

ደግሞ ይቺን ሳልነግራችሁ አላልፍም፣ እንዳትቀየሙኝ። ሰንደቃችንን እንወዳለን። ግን አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን ሙሉ ጀርባ አድርጎ በላዩ ላይ በነጭ መጻፍ ምን ማለት ነው? ቢጫው ላይ ያረፈው መስመር ጭራሽ አይነበብም! ቀጭን መስመር አድርጋችሁ ከላይ አስቀምጡት፤ ጀርባው ነጭ፣ ጽሑፉ ጥቁር ይሁን።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት። ኮሎምቢያ የምትባለው የናሳ መንኮራኩር ጃንዋሪ 16 ቀን 2003 ስትነሳ ከነዳጅ ታንኳ የተላቀቀ የፎም ቁራጭ ግራ ክንፏን መታት። ገና ጠፈር ላይ እያለች መሐንዲሶች ጉዳቱን አስልተው ለኃላፊዎች በስላይድ አቀረቡ። የአንደኛው ስላይድ ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር። ከርዕሱ ሥር ነጥብ፣ ከነጥቡ ሥር ንዑስ ነጥብ። እታች፣ የመጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ ይህ ተጽፏል፦ በሙከራ የታየው ቁራጭ 3 ኪዩቢክ ኢንች፣ ክንፉን መታ የተባለው 1920። 640 እጥፍ መሆኑ ነው! ማለትም ሙከራው ስለዚህ አደጋ ብዙም ሊነግራቸው አይችልም ነበር። ፌብሩዋሪ 1 ስትመለስ ተበታተነች፣ ሰባቱም ሞቱ። የገደላቸው ስላይድ ነው አልልም፤ ክንፉ ተበስቶ ነው። ነገር ግን አደጋውን የመረመረው ቦርድ ራሱ፣ አንድ ኃላፊ ያንን ስላይድ አንብቦ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ መሆኑን ሳይረዳ ሊቀር እንደሚችል ጽፏል። ኤድዋርድ ተፍቲ የሚባሉ ምሁር ስላይዱን መስመር በመስመር ተንትነውታል፤ ፈልጋችሁ እዩት።

እኔም ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። የዕቅዴ ዋና ቁጥር የነበረው 19ኛው ስላይድ ላይ፣ አምስተኛ ነጥብ ሥር ነበር። ፋይሉ በደህና ቢከፈት እንኳ በአሥር ደቂቃ እዚያ አልደርስም ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን አትክፈቱት። «ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢወጡ የቱን ይያዙ?» ብላችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ጻፉ። እሱን ርዕስ አድርጉት። «መግቢያ»፣ «ዳራ» የሚል ርዕስ ምንም አይናገርም፤ «ወጪው በግማሽ ይቀንሳል» የሚለው ይናገራል። ስላይድ ላይ ያለውን ቃል በቃል አታንብቡ። ሰው በዓይኑ ከእናንተ ይፈጥናል፤ ጨርሶ ይጠብቃችኋል፣ ከዚያ ስልኩን ያወጣል። ሰው እንዲያያችሁ ስትፈልጉ በፓወርፖይንት የእንግሊዝኛዋን ቢ ተጫኑ፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። እኔ ይሄን ያወቅኩት ከአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ በኋላ ነው፣ አይገርምም?

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሌላ ቦታ ተጠርቻለሁ። ስድስት ስላይድ፣ ሁለት ፍላሽ፣ አንድ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ። ትናንት ማታ ታናሽ እህቴን አስቀምጬ ላፕቶፑን ዘግቼ አቀረብኩላት። ሦስተኛው ላይ «አልገባኝም» አለችኝ። እሱን እያስተካከልኩ ነው።