ላገለገለችን በቅሎ ውለታ እንመልስ
(ለነዋሪዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው አርጅተው ከሥራ ስላረፉ ፈረሶችና በቅሎዎች ነው። የመኪና መንገድ ሳይገባ እህላችንን ገበያ፣ ሕመምተኛችንን ላሊበላ፣ የገና እንግዳውን ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ ያደረሰው ማን ሆነና? የበቅሎ ጀርባ ነው።

ታዲያ በቅሎዋ ማነከስ ስትጀምር ምን እናደርጋለን? «ጭዱ ለበሬውም አልበቃ» እያልን ማታ ደጅ ትተናት እንገባለን። የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። ይህን የሚያደርገው ሌላ ሰው ነው ብለን አናመካኝ፤ እኛው ነን።

ሕመሙ ቁርጥማት የምንለው ነው። ብዙ ዘመን ዳገትና ቁልቁለት በጭነት የወጣና የወረደ እግር፣ በመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ልም አጥንት እያለቀ ይሄዳል፤ አጥንት ከአጥንት ይፋተጋል፤ መጋጠሚያውም ያብጣል። ምልክቱ ጠዋት ግትር ማለት፣ እርምጃ ማሳጠር፣ ቁልቁለት መፍራት፣ ከተኙበት ለመነሣት መቸገር ነው። ያለቀው አይተካም፤ ሥቃዩን ግን መቀነስ ይቻላል።

አንደኛ፤ እሳት ይቅር። እኛም ያበጠ ጉልበት በጋለ ብረት ተኩሰን እናውቃለን። ያተረፍነው ቁስልና ዝንብ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፤ አስሮ ማዋል አይበጅም። ቆሞ የዋለ መጋጠሚያ ይብሱን ይደርቃል። ያለ ጭነትና ያለ ኮርቻ፣ ሜዳ ሜዳውን በዝግታ ትንቀሳቀስ። ልጆች ይሳቧት እንጂ አይጋልቧት።

ሦስተኛ፤ ማደሪያዋ ደረቅ ይሁን። የላስታ ሌሊት ብርዱ ይታወቃል፤ ጭቃ ላይ ያደረች በቅሎ ጠዋት መነሣት ያቅታታል። ገለባ ወፈር አድርገን እናንጥፍላት።

አራተኛ፤ የረዘመ ሰኮና እግር ያጣምማል። በየ6 ወይም በየ8 ሳምንቱ በሚያውቅ ሰው ይከርከም።

አምስተኛ፤ ያላመጠችውን መልሳ ከጣለች ጥርሷ አልቋል ወይም ሾሏል ማለት ነውና በሐኪም ይታይ። ጭዱን አድቅቀን፣ ፉርሽካውን በውሃ አርሰን እንስጣት። ግን መወፈርም ለታመመ እግር ሸክም ነው።

ስድስተኛ፤ የሰው ኪኒን አንስጣት። ማስታገሻውን የእንስሳት ሐኪም መጠኑን ለክቶ ይዘዝ፤ ሲበዛ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

«ጭዱ ከየት ይምጣ?» ለሚለው እውነተኛ ጥያቄ መልሱ እኛው ዘንድ ነው። አውድማው የሞላለት ሰው ለጎረቤቱ አንድ ሸክም ጭድ ያበርክት። ደቦ ለአጨዳ ብቻ ነው ያለው ማነው?

መነሣት አቅቷት መብላትም ካቆመች ደግሞ ሐኪም ጠርተን ሳትሠቃይ ነፍሷ እንድታልፍ እናድርግ። እሱም ከጅብ ጥርስ ይሻላል።

ልጆቻችን ያያሉ። ዛሬ በቅሎዋን እንዴት እንደያዝናት አይተው ነገ ያረጀውን ሁሉ እንዴት እንደሚይዙ ይማራሉ። በመሆኑም ያረጀ እንስሳ ያለው ሰው፣ ትርፍ ጭድ ያለውም፣ ለማኅበሩ ጸሐፊ እንዲያስታውቅ እንጠይቃለን።