የእንሰት ቢላዋና የባዮሎጂ ደብተር

በጌዴኦ የሚገኘው ቡሌ ደጋ ነው፤ ጠዋቱ ይበርዳል። ከዲላ ሽቅብ ሲወጣ ቡናው እየሳሳ፣ እንሰቱ፣ ገብሱና ቀርከሃው እየበዛ ይሄዳል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው እንሰትን ከዛፍ ጋር አስማምቶ በሚያኖረው በዚህ እርሻ ነው።

የእንሰት ክፉ ጠላት ግን በዓይን አይታይም። የአጠውልግ ባክቴሪያ የገባበት ተክል የመሃል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልጋል፤ ሲቆረጥም ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል። ሳይንስ በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1968 እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ በእንሰት ላይ መዘገበው። ከታማሚው ወደ ጤነኛው ብዙውን ጊዜ የሚያሻግረው ያልጸዳ ቢላዋ ነው። ፈዋሽ መድኃኒት ስለሌለው የታመመው ተነቅሎ ይቀበራል፤ ቢላዋው በእሳት ይለበለባል ወይም በበረኪና ይታጠባል።

የቡሌ ልጅ ስለ እንሰት በቤቱ የሚሰማው በጌዴኦኛ ነው። የመጀመሪያዎቹን ክፍሎችም የሚማረው በዚሁ ቋንቋ፣ በላቲን ፊደል ነው። ከፍ ሲል ባዮሎጂ በእንግሊዝኛ ይመጣል። ያኔ ስለ ባክቴሪያ ለፈተና ይሸመደዳል፤ የጓሮው ቢላዋ ግን ከደብተሩ ውጭ ይቀራል።

እንግሊዝኛው ይቅር የሚል የለም፤ ዩኒቨርሲቲ ይጠብቃል። ነገር ግን መምህሩ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹን ወደ እንሰት ማሳ ቢያወጣና በአፍ መፍቻቸው ቢያወያያቸው ምን ይከብዳል? እጅም እንደ ቢላዋው ባክቴሪያ ያሻግራልና፣ ከመጸዳጃ በኋላ በሳሙና የሚታጠበው ለምን እንደሆነ እግረ መንገዳቸውን ይረዱታል።