የምርት መስመርና የመቆያ ስፍራ ሒሳብ



አንድ የፋብሪካ ኃላፊ በምርት መስመሩ አጠገብ ሲያልፍ እጁን አጣጥፎ የቆመ ሠራተኛ ቢያይ፣ አስቀድሞ የሚመጣለት ሐሳብ ስንፍና ነው። ሠራተኛው ግን ከእርሱ ቀድሞ ካለው ማሽን የሚመጣለትን ዕቃ እየጠበቀ፣ አለዚያም የጨረሰውን የሚያኖርበት ቦታ አጥቶ ይሆናል። ይህን ከስንፍና ለይቶ ለማወቅ ዓይን ብቻውን አይበቃም፤ ሒሳብ ያስፈልጋል።

የዚህ ሒሳብ መሠረት የተጣለው በፋብሪካ ውስጥ አልነበረም። በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዴንማርካዊው አግነር ኤርላንግ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎችን በዕድል ስሌት መርምሮ ጽሑፉን አወጣ። ሃንት የተባለው ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1956 ተከታትለው የሚሠሩ ጣቢያዎችን አስልቶ አሳየ።

ሁለት ማሽኖች ብቻ ያሉትን መስመር እንውሰድ። እያንዳንዱ ማሽን አንድ ዕቃ ለመሥራት በአማካይ 1 ደቂቃ ይፈጅበታል። ነገር ግን ጊዜው አንዳንዴ ያጥራል፣ አንዳንዴም ይረዝማል፤ በሒሳብ አነጋገር የኤክስፖኔንሻል ሥርጭትን ይከተላል። ለመጀመሪያው ማሽን ጥሬ ዕቃ ከቶ አይጓደልበትም እንበል። አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው ይህ መስመር በሰዓት 60 ዕቃ ያወጣል ብሎ ያቅዳል።

በሁለቱ መካከል መቆያ ስፍራ ከሌለ ግን መስመሩ ከሦስት ሁኔታዎች በአንዱ ይገኛል፤ ይኸውም የመጀመሪያው እየሠራ ሁለተኛው ዕቃ ሲጠብቅ፣ ሁለቱም ሲሠሩ፣ ወይም ሁለተኛው እየሠራ የመጀመሪያው ማስረከቢያ አጥቶ ሲታገድ ነው። ስሌቱ እንደሚያሳየው እያንዳንዱ ሁኔታ የጊዜውን ሢሶ ይይዛል። በመሆኑም ማንም ሳያጠፋ፣ ማሽንም ሳይሰበር፣ ምርቱ 40 ብቻ ይሆናል። ጣቢያዎቹ ሦስት ቢሆኑ ወደ 34 ገደማ ይወርዳል።

መድኃኒቱ መቆያ ስፍራ ነው። በሁለቱ ማሽኖች መካከል ለአንድ ዕቃ የሚሆን ቦታ ቢዘጋጅ ምርቱ 45 ይሆናል፤ ለሁለት ቢዘጋጅ 48፣ ለሰባት 54፣ ለ17 ደግሞ 57 ይደርሳል። የመጀመሪያው ቦታ 5 ዕቃ ሲጨምር፣ የኋለኞቹ ዐሥር ቦታዎች በድምሩ የጨመሩት 3 ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቂት መቆያ እጅግ ይጠቅማል፤ ብዙ መቆያ ግን ዋጋውን ላይመልስ ይችላል።

ዋጋው ምንድን ነው ቢባል፣ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ሕግ ይመልሳል። በሰዓት 54 ዕቃ በሚያወጣ መስመር ውስጥ በአማካይ 9 ዕቃ ቢገኝ እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይቆያል፤ 54 ቢከማች ግን አንድ ሙሉ ሰዓት። የተከማቸ ዕቃ የታሰረ ገንዘብ ነው።

የገበያውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ደንበኛ የሚመጣበት ሰዓት ስለማይታወቅ መጋዘኑ በፋብሪካውና በገበያው መካከል ያለ የመጨረሻ መቆያ ነው። ምርትና ፍላጎት በአማካይ እኩል ሆነው ሁለቱም ይህንኑ ሥርጭት ቢከተሉ፣ 9 ዕቃ የሚይዝ መጋዘን ከ10 ደንበኞች አንዱን ባዶ እጁን ይሰዳል፤ 19 የሚይዝ ከ20 አንዱን። መጋዘኑ ሞልቶ መስመሩ የሚቆምበትም ጊዜ ልክ ይህንኑ ያህል ነው።

እርግጥ ነው፣ ሞዴል ፋብሪካ አይደለም። የብዙ ማሽኖች የሥራ ጊዜ እዚህ እንደተገመተው አይለዋወጥምና ኪሣራው ሊያንስ ይችላል፤ በአንጻሩ የማሽን ብልሽት ያበዛዋል። ስለሆነም ከሁሉ አስቀድሞ መለካት ይገባል፤ እያንዳንዱ ጣቢያ ስንት ጊዜ ሠራ፣ ስንት ጊዜ ዕቃ ጠበቀ፣ ስንት ጊዜ ታገደ፣ ስንት ጊዜስ ተበላሸ? አራቱ ተለይተው ይመዝገቡ።

ይህ መዝገብ በሌለበት ፋብሪካ አዲስ ፈጣን ማሽን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ ተገዝቶም እንደ ቀድሞው ቆሞ ይጠብቃል። ከዚህም የከፋው፣ ቦታ ያልተሰጠው ሠራተኛ ባልሠራው ጥፋት ይቀጣል። መሐንዲስ ከማሽኑም ከሠራተኛውም በፊት በመካከላቸው ያለውን ባዶ ስፍራ እንዲመረምር ሙያው ግድ ይለዋል።