የጠበቀ ፒን

የዛሬው ጉዳያችን የጠበቀ ፒን ነው። ሬሚንግተን 870 የተባለውን የአሜሪካ የአደን ጠመንጃ እንውሰድ። የቃታውን ክፍል ከአካሉ ጋር የሚይዙት ሁለት ፒኖች ናቸው። ታዲያ ዘይቱ ሲደርቅ፣ ዝገትም ሲገባ፣ ፒኑ አልወጣም ይላል።

እስቲ ጣት ላይ የጠበቀ ቀለበትን አስቡ። በጉልበት ሲጎትቱት ጣቱ ያብጣል፤ ቀለበቱም ይብሱን ይጠብቃል። በሳሙና ግን ይንሸራተታል። ፒኑም እንዲሁ ነው። በመዶሻ ሲደበድቡት ጫፉ ይደፈጠጣል፤ ያን ጊዜ በቀዳዳው ጨርሶ አያልፍም።

እና ምን ይሻላል? ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ባዶ መሆኑን፣ የጥይት ቱቦውንም ጭምር፣ በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ። ይህን አደራ እላለሁ! ከዚያ ፒኑ ላይ ዘይት ጠብ አድርገው ያሳድሩት። በማግስቱ ከፒኑ ትንሽ የሚቀጥን የናስ ዘንግ አቅንተው ይያዙና በቀስታ መታ መታ ያድርጉ። አሁንም እምቢ ካለ፣ ዘይቱን ይድገሙ።