የአሮጌ ብስክሌት ሰንሰለት የሚዘልበት ምክንያት

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ቃል



ብስክሌት የሚነዳ ሰው ዳገት ሲደርስ ከኮርቻው ብድግ ብሎ በሙሉ ክብደቱ ፔዳሉን ይረግጣል። በዚያች ሰዓት ሰንሰለቱ ከማርሹ ጥርስ አምልጦ የዘለለ እንደ ሆነ እግር የሚገፋውን ነገር ያጣል፤ ጕልበት ከብረት ይጋጫል፤ ሰውየውም በመሪው ላይ ተደፍቶ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ የሰንሰለት መዝለል የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአካልም ጉዳይ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ብስክሌቱ እየዘለለ ያስቸገረው ሰው ወደ ገበያ ሄዶ አዲስ ሰንሰለት ይገዛል፤ አስገብቶም ወደ ዳገቱ ይመለሳል፤ አዲሱ ሰንሰለት ግን ከአሮጌው ይልቅ ብሶ ይዘላል። ያን ጊዜ ነጋዴውን አታላይ ነው ብሎ ያማዋል፤ ነጋዴው ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ነገር ንጹሕ ነው። ይህ እንዴት ይሆናል ቢሉ፤ የሰንሰለቱን አሠራር ያወቀ ሰው ይረዳዋል።

ማርሹ ብዙ የሆነ የተራራ ብስክሌት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ግዛት በማሪን አውራጃ፥ አሮጌ ብስክሌት እያደሱ ተራራ ይወርዱ ከነበሩ ወጣቶች የተገኘ ነው። ሰንሰለቱ ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ ሐንስ ሬኖልድ የተባለው መሐንዲስ በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ በ1880 ለዚህ ዓይነቱ ሰንሰለት የፈጠራ መብት አወጣ። መሠረቱ ዛሬም ያው ነው፤ ችንካር አለ፥ በችንካሩ ዙሪያ የሚሽከረከር ትንሽ የብረት ቀለበት አለ፥ ኹለቱን የሚያያይዝ ሳንቃ ብረት አለ። ከአንዱ ችንካር መካከል እስከ ቀጣዩ ችንካር መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ኢንች ነው።

ብዙ ሰው ያረጀ ሰንሰለት ተለጠጠ ይላል። ብረቱ ግን አልተለጠጠም። አቧራና አሸዋ ከዘይት ጋራ ተደባልቆ እንደ ሞረድ እየሆነ ችንካሩንና ችንካሩ የሚገባበትን ቀዳዳ ይበላዋል። በአንዱ ችንካር ላይ የተበላው ከጠጕር የቀጠነ ነው፤ ችንካሮቹ ግን ከመቶ በላይ ስለ ሆኑ ጥቂቱ ኹሉ ተደምሮ ሰንሰለቱን ያረዝመዋል። የረዘመው ሰንሰለት በማርሹ ጥርስ ሥር አይቀመጥም፤ ወደ ጫፉ ወጥቶ ይስባል፤ ጥርሱንም እየሞረደ እንደ መንጠቆ ያጐብጠዋል። እንግዲህ አሮጌው ሰንሰለትና አሮጌው ማርሽ አብረው እንዳረጁ ባልና ሚስት እርስ በርሳቸው ተለማምደዋልና ለጊዜው ይስማማሉ። አዲሱ ሰንሰለት ግን ርቀቱ ልክ ግማሽ ኢንች ስለ ሆነ ከጐበጠው ጥርስ ጋራ አይገጥምም፤ በርትተው ሲረግጡት ይዘላል።

ስለዚህ ሳይለኩ አለመግዛት ነው። መለኪያውም በተማሪ ቤት አይጠፋም፤ ባለ 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ በሌላው ጠርዙ ብዙ ጊዜ 12 ኢንች ተጽፎበታል። ፔዳሉን በእጅ ተጭኖ የላይኛውን ሰንሰለት ማስወጠር፤ የማስመሪያውን ዜሮ በአንዱ ችንካር መካከል ማድረግ፤ ከዚያ 24 ችንካር መቍጠር፤ መነሻው ግን አይቈጠርም። 24ኛው ችንካር በ12 ኢንች ላይ ልክ ቢውል ሰንሰለቱ ደኅና ነው። የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ፥ ማለት 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ካለፈ ጊዜው ደርሷል፤ ሰንሰለቱ ብቻ ቢለወጥ ማርሹ ሊተርፍ ይችላል። የኢንች ስምንተኛ፥ ማለት 3 ሚሊ ሜትር ያህል ካለፈ ግን የኋላው ማርሽም ተበልቷል ብሎ መገመት ይሻላል። ገንዘብ ያለው ኹለቱን አብሮ ይለውጣል። የሌለው ደግሞ አሮጌው መዝለል እስኪጀምር ድረስ አሮጌውን ከአሮጌው ጋራ ቢያስጨርሰው ይሻለዋል እንጂ፥ አዲስ ሰንሰለት ብቻ ገዝቶ ባረጀ ማርሽ ላይ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

ለመግዛት የሚሄድ ሰው የኋላውን ማርሽ ብዛት ቈጥሮ ይሂድ። 6፥ 7 ወይም 8 ለሆነው አንድ ዓይነት ሰንሰለት ይበቃል፤ 9 ለሆነው ግን ጠበብ ያለ ነው። ርዝመቱንም በችንካር ቍጥር ይለካው እንጂ ከአሮጌው ጋራ ጐን ለጐን አይዘርጋው፤ አሮጌው ረዝሟልና ያሳስተዋል።

ነገር ግን መዝለል ኹሉ ከእርጅና አይመጣም። ሳይበረቱበትም እንኳ ሰንሰለቱ ቀጭ ቀጭ እያለ ከማርሽ ወደ ማርሽ ለመሻገር የሚያመነታ ከሆነ፥ ጥፋቱ ሰንሰለቱን በሚያሻግረው ክንድ ወይም በገመዱ ነው። በየተወሰነው ዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚነጥር ከሆነ አንድ ችንካር ደርቋል፤ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሲያዞሩት ሳይታጠፍ የሚያልፈው እርሱ ነው፤ በዘይትና በጣት ግራና ቀኝ እያጠፉ ያላሉታል።

ክንዱን የሚመረምር ሰው ከኋላ ቍጭ ብሎ ይመልከት። ኹለቱ ትንንሽ መዘውሮች ከበላያቸው ካለው ማርሽ ጋራ በአንድ መስመር ካልቆሙ ክንዱ የተንጠለጠለበት ጆሮ ጐብጧል። ይህም ብስክሌቱ በቀኙ ሲወድቅ ወይም ባውቶቡስ ጣራ ላይ በቀኙ ተኝቶ ሲታሰር የሚደርስ ጕዳት ነው። የብረቱ ጆሮ በጥንቃቄ ሊቀና ይችላል፤ የአሉሚኒዩሙ ግን ይሰበራልና አይታገሉት። ጆሮው እንደ ጐበጠ ሳለ ገመዱን ማስተካከል ከንቱ ድካም ነው፤ በዚያም ላይ ክንዱ ወደ ጎማው ሽቦ ገብቶ ብዙ ነገር ይሰብራል። ጆሮው ቀጥ ካለ በኋላ ሰንሰለቱ ወደ ትልቁ ማርሽ ለመውጣት ቢያመነታ ገመዱ ላልቷል፤ ገመዱ ወደ ክንዱ በሚገባበት ስፍራ ያለውን በጣት የሚዞር ቀለበት፥ ከኋላ ሆነው ሲያዩት ከሰዓት ዘንግ አዙሪት በተቃራኒ፥ ሩብ ዙር እያዞሩ መሞከር ነው። ወደ ትንሹ ለመውረድ ቢያመነታ ግን ብዙ ጊዜ ገመዱ በሽፋኑ ውስጥ ዝጓል።

ማጽዳትን በተመለከተ፥ በነጭ ጋዝና በብሩሽ ታጥቦ፥ ከደረቀ በኋላ በየችንካሩ አንድ አንድ ጠብታ የማሽን ዘይት ይበቃዋል፤ የተረፈውም በጨርቅ ይጠረጋል። የወጥ ዘይት ይሟሙቃል፤ ግራሶም አቧራ ይሰበስባል። ጋዙ ከእሳት ይራቅ፤ ፍሬን የሚይዘውንም የጎማ ጠርዝ አይንካ።

ፔዳሉ እየዞረ ጎማው አልዞርም ካለ፥ በኋላው ማርሽ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ምላሶች በደረቀ ግራሶ ተጣብቀዋል፤ ነጭ ጋዝ አስገብቶ ማሽከርከርና ቀጭን ዘይት ማንጠብጠብ ብዙውን ጊዜ ያነቃቸዋል። በየዙሩ አንድ ጊዜ ቋ የሚል ድምፅ ደግሞ የፔዳሉ ክንድ ከመካከለኛው ዘንግ ላይ መላላቱን ይናገራል። ይህን በዕለቱ ማጥበቅ ይገባል፤ ላልቶ የተነዳ ክንድ አራት ማዕዘን ቀዳዳው ይሰፋና ከዚያ በኋላ ቢያጠብቁት አይይዝም። የግራውን ፔዳል የሚፈታ ሰው ጥርሱ የተገላቢጦሽ መሆኑን ይወቅ፤ በሰዓት ዘንግ አዙሪት ይፈታል፥ በተቃራኒውም ይጠብቃል።